ለውሻው ጉልበት የተሸጠው ወይፈን

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደ ዕለት እኔ ደብረ ታቦር ላይ ተማሪዎቼን መንገድ ዳር አሰልፌ አጨበጭብ ነበር። የታዘዝነው እንደዚያ ነው። የዚያን ዘመን አስተማሪ ተሰለፍ ሲሉት ይሰለፋል፣ አጨብጭብ ሲሉት ያጨበጭባል፤ ደመወዙን የሚበላው ለዚህም ጭምር ነው። አይፋ የሚባሉት የጦር መኪናዎች ምልምሎቹን ጭነው እያጓሩ ሲያልፉ፣ በአንዱ ላይ ከቆሙት መካከል ወንድሜን አየሁት። ከቤት መወሰዱን እንኳ አልሰማሁም ነበር። ጠጉሩን ላጭተውታል። እሱም አየኝና ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጮኾ ተናገረ፤ ጭብጨባው ዋጠውና ምን እንዳለ አልሰማሁትም። መኪናው ከታጠፈ በኋላም እጄ ማጨብጨቡን አላቆመም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደነዘዝኩ። ሐዘን ነው እንዳልል አላለቀስኩም፤ ንዴት ነው እንዳልል አልተናደድኩም። ጥርስ ሊነቅሉ ድድ ላይ መርፌ ሲወጉ ከንፈር የሌላ ሰው እንደሚመስለው፣ እኔም ለራሴ የሌላ ሰው መሰልኩ። እበላለሁ፣ አስተምራለሁ፣ ስብሰባ እገባለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ጎረቤቶቼ "እሷ ጠንካራ ናት" ይሉኝ ነበር። ጥንካሬ እንዳልሆነ ማስረዳቱ ስለሚያደክመኝ ተውኩት።

እናታችን የምትኖረው ከገሳይ ከተማ በላይ፣ ጉና ተራራ ግርጌ ነው። ገብስና ድንች ይበቅላል፣ በግ ይረባል፣ ብርዱ ከአጥንት ይደርሳል። አባታችን ልጆች ሳለን ስለሞተ ቤቱን ይዞ የኖረው ወንድሜ ነበር። እሱ ሲወሰድ ውሻውና በዚያው ሰሞን የተወለደ ጥጃ ቀሩ።

ውሻውን ከነፋስ መውጫ ገበያ በቡችላነቱ በጋቢው ጠቅልሎ ያመጣው ራሱ ወንድሜ ነው። ቡላ ነው፤ አድጎ አድጎ ጥጃ አከለ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚሉት ተረት በሱ አይሠራም ነበር፤ የሱ ጩኸት ጅቡን ይቀድመዋል። በኛ አገር ውሻ የደጅ ፍጡር ነው፤ ቤት አይገባም፣ ዕቃ አያስነኩትም። ወንድሜ ግን ውርጭ ሲበረታ ምድጃ ዳር ያስተኛው ነበር። እናቴ ትቆጣለች፣ እሱ ይስቃል፣ ውሻው የሚያወሩት ስለሱ እንዳልሆነ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይሞቃል።

ያን የመኪናውን ነገር ለእናቴ ስነግራት፣ "ውሻውን አደራ ነው ያለሽ" አለችኝ።

"አልሰማሁትም እኮ፣ እማዬ።"

"ሌላ ምን ይላል? እኔንማ ለእግዜር ሰጥቶኝ ነው የሄደው። ውሻዬን አደራ ነው ያለው።"

አልተከራከርኳትም። ምን ታውቂያለሽ ብላት እኔም አላውቅም። አደራው እንዲህ ሆኖ ቤታችን ገባ። ጥጃውን ደግሞ "ልጄ ሲመጣ አርድለታለሁ" ብላ ለየችው። ለእርሻ አልተጠመደም፣ ለገበያ አልወጣም፤ ወይፈን ሆኖ ደነደነ።

ከዚያ የሰፈራችን አንድ ልጅ ክራንች ተደግፎ ከጦር ሜዳ ተመለሰ። ከወንድሜ ጋር በአንድ ምሽግ ነበሩ። እናቴ ፊት ተቀምጦ መሬት መሬቱን እያየ፣ ውጊያ እንደገጠማቸው፣ ሲነጋ ስም ሲጠራ ወንድሜ "አቤት" እንዳላለ ነገራት። ሬሳውን አይተሃል ወይ አለችው። አላየሁም አለ። "እንግዲያው አላየህም" አለችና ጠላ ቀዳችለት። ከመንግሥት በኩል ሞተ የሚል ወረቀት አልመጣም። አለ የሚልም አልመጣም።

አገሩ ግን ፈርዶ ጨርሷል። ጎረቤቱ ሁሉ ያን ወይፈን የሚያየው የተዝካር ወይፈን አድርጎ ነው። የእናቴ የነፍስ አባት፣ ደግ ሽማግሌ ቄስ፣ በመጡ ቁጥር "ልጄ፣ ፍትሐት ያላገኘች ነፍስ ትጉላላለች፤ እባክሽ ተዝካሩን እናውጣለት" ይሏታል። እሷም "አባ፣ ይፍቱኝ፤ የሞተ ሲኖር እነግርዎታለሁ" ትላቸዋለች። እኔ ወንድሜ ሞቷል ብዬ ነበር የማምነው። ለማንም አልተናገርኩም።

ነገሩ የሆነው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ጅብ ወደ በጎቹ በረት ሲጠጋ ውሻው ሲያባርረው፣ ከማሳው እርከን ዘሎ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ቅዳሜ ከደብረ ታቦር ስሄድ በረቱ ሥር ጭድ ተጎዝጉዞለት አገኘሁት። የኋላ ግራ እግሩን አንጠልጥሎ በሦስት እግሩ ሊቀበለኝ ተነሣ፣ ወዲያው ወደቀ። ጉልበቱ አብጧል። አጥንት አለመሰበሩን ወጌሻው ከሩቅ አይቶ ተናግሯል። ከሩቅ የሆነው፣ የሰው ማሻያ እጁን ውሻ ላይ ስለማያሳርፍ ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከኛ ቤት አጠገብ ነው የሚኖረው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩን ቶሎ መጨረስ ይወዳል።

"ይህማ አለቀለት" አለ። "እኔ ራሴ እገላግለዋለሁ። ተገሳይ ሌላ ቡችላ አመጣልሻለሁ።"

"ቡችላውን ልጄ አያውቀውም" አለችው እናቴ።

ደብረ ታቦር የከብት ክሊኒክ ውስጥ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ። ቀኑን ሙሉ በሬና ላም ደስታ ለሚባለው የከብት በሽታ ሲከትብ ይውላል፤ ማታ ማታ አስተማሪዎች በምንሰበሰብበት ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ስለተማረበት አገር በረዶ ያወራ ነበር። ስለ ውሻው ስነግረው የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። ዓይኑ ሲበራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። "አምጡልኝ" አለ።

አመጣነው። እናቴ፣ አጎቴና እኔ ውሻውን በወንድሜ አሮጌ ጋቢ ጠቅልለን፣ በተከራየነው በቅሎ ላይ ጭነን ገሳይ ወረድን። ከዚያ አንድ ሾፌር ለምነን ከእህል ጆንያ ጋር ተጫንን። ሾፌሩ "ለታመመ ሰው ነው ያላችሁኝ" ብሎ ሊያወርደን ነበር። ያን ያለው አጎቴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ፤ እውነቱ ሲያሳፍረው አፉ ከልቡ ቀድሞ ሌላ ነገር ይናገራል። ይህን ያኔ ብናስብበት ኖሮ ኋላ የመጣው ባልመጣ።

ሐኪሙ ውሻውን ሲሚንቶው ላይ አስተኝቶ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ አደረገው። ጉልበቱ እንደተነቀነቀ የበር ማጠፊያ ወዲያ ወዲህ አለ።

"እማማ" አለ፣ "ጉልበቱ ውስጥ አጥንትና አጥንቱን የሚይዘው ጅማት ተበጥሷል። ትንሽ ውሻ ቢሆን በዕረፍት ይሻለው ነበር። ይህ ግን ከባድ ነው፤ እንዲሁ ከተተወ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ደህናው እግሩ ነው። ውሎ አድሮ የዚያም ጅማት ይበጠሳል።"

"ይታከማል?"

"ይታከማል። ጉልበቱን ከፍቼ ከመገጣጠሚያው ውጭ በጠንካራ ክር አስረዋለሁ። ስማር አይቻለሁ፣ አብሬ ሠርቻለሁ። ብቻዬን ግን ሠርቼ አላውቅም፤ ልዋሽዎት አልፈልግም። ላይነቃም ይችላል።"

ከዚያ ወጪውን ነገረን። ለእጁ ምንም አይጠይቅም። ነገር ግን መንግሥት መድኃኒት የሚሰጠው ለበሬና ለላም ነው፤ ለውሻ ብሎ ማደንዘዣ ቢያወጣ ይጠየቅበታል። ማደንዘዣውና መርፌው ባሕር ዳር ድረስ ሰው ተልኮ በግል መገዛት አለበት። ክሩም ከዚያው ይመጣል፤ ጣና ላይ ዓሣ የሚያሰግሩበት ናይለን ነው፣ ቀቅለን እንጠቀምበታለን አለ። ይህ ሁሉ አልፎ ውሻው ሁለት ወር ታስሮ ይከርማል። መሮጥ የለም፣ መዝለል የለም። ሥጋ ወይም ወተት ይፈልጋል።

"ሁለት ወር በጎቹን ማን ይጠብቃል?" አለ አጎቴ።

ሐኪሙ ያን አልተማረም።

የዚያን ዕለት አመሻሽ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን፤ ውሻው በሩ ላይ ተጋድሟል። መድኃኒቱን፣ ባሕር ዳር የሚላከውን ሰው፣ የመኪናውን፣ የሥጋና የወተቱን ደማምረን ስናየው ከአንድ ነገር ጋር ብቻ ተካከለ። ከወይፈኑ ጋር። የእኔ ደመወዝ እንደሆነ ለዘመቻ መዋጮ፣ ለዚህ መዋጮ፣ ለዚያ መዋጮ እየተባለ ተቆርጦ ነው እጄ የሚገባው። ስለዚህ የሚመዘነው ብር አልነበረም፤ ያ ወይፈን ነው። ወንድሜ ቢመጣ የሚታረድለት፣ ባይመጣ የሚዘከርበት። ለውሻ ጉልበት ከተሸጠ ለመምጣቱም ለመሞቱም የቆየ ነገር በቤታችን አይኖርም።

አጎቴ መጀመሪያ በለዘብታ ጀመረ። "እኔ ይኸው ጉልበቴ ተያዘኝ ስንት ዘመኔ ነው፤ ማን ወይፈን ሸጠልኝ?" አለ። እናቴ ፈገግ አላለችም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ላም አለኝ በሰማይ አይሁንብሽ። ልጁ ሰው ነበር። ለሰው የተለየ ከብት ለውሻ አይሸጥም። ሰው ምን ይለናል?" አላት።

"ልጄ ተመጣ ምን ልበለው? ወይፈን አስቀመጥሁልህ፣ ውሻህን ግን ገደልሁት ልበለው?"

"ተመጣማ…" ብሎ ጀመረና ተወው።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እንዳሻሽ።"

"እንዳሻሽ የሚል ባዕድ ነው። አንቺ እህቱ ነሽ።"

አመመኝ ልል ፈልጌ ነበር፤ አላመመኝም። የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ወይፈኑ በረት ውስጥ እስካለ ድረስ አንድ ቀን ተዝካሩ ይደገሳል። ድንኳን ይተከላል፣ አገር ይሰበሰባል፣ ሁሉም የሟች እህት የት አለች ብሎ ፊቴን ያያል። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" ይላሉ። እኔ ዘንድ አንጀቱም እንባውም የት እንደገባ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ፈራሁት። ለውሻው አዝኜ አይደለም።

"ይሸጥ" አልኩ።

እናቴ ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ። ያልኩበትን ምክንያት ያወቀችብኝ መሰለኝ። "በል እንግዲህ" አለችው አጎቴን፣ "ነገ ውረድና ሽጠው።"

ጥር የድግስ ወር ነው። አዝመራው ገብቷል፣ ጎተራው ሞልቷል፤ ሠርግም ተዝካርም የሚወጣው ያኔ ነው። በዚያ ወር የተለየ ወይፈን ከበረት ሲወጣ ያላየ ጎረቤት የለም። ኋላ አጎቴ ራሱ እንደነገረን፣ ገሳይ ገበያ ላይ ወይፈኑን ይዞ እንደቆመ ያገራችን ሰው አንድ በአንድ እየመጣ ከንፈሩን ይመጥ ጀመር። "እኅትህ ልቧ ተመለሰላት እንዴ? ለተዝካሩ ነው?" ብለው ጠየቁት። አጎቴ ያ ሁሉ ጨዋ ሰው ፊት ቆሞ ለውሻ ነው ማለት አልቻለም። ራሱን ነቀነቀ። ያደረገው ይህንኑ ብቻ ነው። ራሱን ነቀነቀና ብሩን ተቀብሎ ወደኛ መጣ። ለኛ ምንም አላለም።

የባሕር ዳሩ መድኃኒት እንደመጣ ሐኪሙ ውሻውን ከብት በሚከተብበት መጠለያ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ እግሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ። እናቴ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ አጣፍታለች። መርፌውን ሲወጋው ውሻው እጄን ላሰኝ፤ ከዚያ ምላሱ እንደወጣ ቀረ። ሐኪሙ የእግሩን ጣት በመቆንጠጫ ጨመቀው። ውሻው አልተንቀሳቀሰም።

"ይህ ለምንድነው?" አልኩት።

"መደንዘዙን ለማወቅ ነው። ቢሰማው ኖሮ እግሩን ይሰበስብ ነበር።"

ጉልበቱን ሲከፍተው ዓይኔን አልጨፈንኩም። ነጭ አጥንት አየሁ፣ ደም አየሁ፣ የተበጠሰውን ጅማት ጫፍ አየሁ፤ የተማሪ ደብተር የማርም ያህል ነበር የተሰማኝ። ሐኪሙ ግን ያልበዋል። የዓሣ አስጋሪዎቹን ናይለን አጥንቱ ዙሪያ አሳልፎ ሲያስር ከንፈሩን ነክሶ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ "አንቺ እንደ ነርስ ነሽ፤ እጅሽ አይንቀጠቀጥም" አለኝ። አመስግኖኝ ነው። እኔ ግን የዚያን ጣት መጨመቅ እያሰብኩ ነበር። እኔን ማንም ቢቆነጥጠኝ እግሬን እሰበስብ ይሆን?

ነቃ። መጀመሪያ ጆሮው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ሕመሙ መጣለት መሰለኝ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቴ ድምፁን ሰምታ ገባችና ግንባሩ ላይ እጇን አሳረፈች። ያ ውሻ ሲነካት የልብሷን ጫፍ ታጥብ የነበረች ሴት ናት።

ስፌቱ ጠገግ እስኪል እኔ ዘንድ ሰነበተ። ከዚያ ልናደርሰው በዚያው በመጣንበት መንገድ ተመለስን፤ ገሳይ ድረስ በመኪና፣ ከገሳይ ሽቅብ በበቅሎ። ውሻው እግሩ በፋሻ ተጠምጥሞ፣ በወንድሜ ጋቢ ተሸፍኖ በቅሎዋ ላይ ነው። ጉብታውን ወጥተን ቤታችን ሲታየን እናቴ ቆመች። ግቢው ሰው ሞልቶታል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አሸርጠው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ሲያዩን አንድ ሙሾ አውራጅ ድምፅ ከመካከል ተነሣ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ወደኛ ወረዱ።

የመጀመሪያዋ ሴት እናቴን ስታቅፋት እናቴ ሁለት እጇን ወደታች ጥላ ቆመች።

"ማን ሞቶ ነው?" አለች።

ልቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየበረደ ሄደ። የነፍስ አባቷ ከወንዶቹ መካከል ወጥተው መስቀላቸውን እንደያዙ ቀረቡ። "ልጄ፣ ወይፈኑ መሸጡን ሰማን" አሉ። "ለተዝካሩ መሆኑን ወንድምሽ ገበያ ላይ ነግሮናል። ሳታለቅሺ እንዳትደግሺ ብለን ልናስለቅስሽ መጣን። በኛ በኩል የዘገየ ነገር ታለ ይቅር በይን።"

እናቴ አጎቴን አየችው። አጎቴ የበቅሎዋን ልጓም ያስተካክል ነበር። ምንም ያልተስተካከለ ነገር አልነበረውም።

"አባ፣ ይፍቱኝ" አለች እናቴ። "ወይፈኑን የሸጥሁት ለዚህ ውሻ ጉልበት ነው።"

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ከኋላ አንዲት ሴት "ለውሻ!" ስትል ሰማሁ፤ ሌላዋ አፏን ያዘችላት። አእምሮዋን ነካት እያሉ እንደሆነ ከፊታቸው ይነበባል። እኔ ከበቅሎዋ አጠገብ የውሻውን አንገት ይዤ ቆሜያለሁ። ጠንካራዋ እህት። የሚሰማኝ የውሻው ትንፋሽ ሙቀት ብቻ ነው።

"ውሻው የልጄ አደራ ነው" አለች እናቴ ድምፅዋን ሳታነሣ። "ልጄ ሞተ ያለኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ተመጣ ይጠይቀኛል። እንግዲህ መጥታችኋል፤ ግቡ፣ ተቀመጡ።"

ገቡ። ንፍሮ ቀቅለው አምጥተው ነበር። በኛ ዘንድ ለልቅሶ ቤት የመጣ ንፍሮ ወደ መጣበት ቤት አይመለስም፤ ሞት ይዞ ይገባል ይባላል። ስለዚህ ሁሉም ቁጭ ብሎ ቆረጠመ። እናቴ አልቀመሰችም። ሲጨርሱ ተነሥታ መካከላቸው ቆመች።

"ለልቅሶ ተመጣችሁ ደንቡን ታውቃላችሁ" አለች። "ሐዘንተኛ ቤት ሰው ተራ ገብቶ ያድራል፣ ብቻውን አይተውም። እኔ ሐዘንተኛ አይደለሁም። ውሻዬ ግን እስኪቆምልኝ ድረስ በጎቼ ጠባቂ የላቸውም። ያን ለኔ ልታድሩልኝ ያሰባችሁትን ለበጎቼ እደሩልኝ።"

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ቄሱ፣ "ለልጅሽ ብለን መጥተናል፤ ለልጅሽ በጎች ብናድር ምን አለበት" አሉ። አጎቴ ዛሬ የኔ ተራ ነው አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

እንዲህ ሆኖ ያ ሁሉ መንደር ሁለት ወር ሙሉ ተራ እየገባ በረታችን ሥር አደረ። ቅዳሜ ስሄድ በጋቢ የተጀቦነ አንድ ጎረቤት ከታሰረው ውሻ ጎን ተቀምጦ አገኛለሁ። ለውሻ ነው ብለው የሳቁ ነበሩ፤ ግን ሳቁም፣ አደሩም። አንድ በግ አልተበላም። ውሻው ክረምት ሲገባ በአራት እግሩ ሄደ። ብርድ ሲሆን ያነክሳል፣ ያም ቢሆን ጅብ ያባርራል። ሐኪሙ አንድ ቀን ጉና ድረስ መጥቶ ሲሮጥ አየውና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ተዝካር ያነሣባት ሰው የለም። ወይፈኑ የለ፤ ወይፈኑን አይቶ የሚያስታውስም የለ። ጦርነቱ ወደኛም መጣ፣ ደብረ ታቦር ከእጅ ወደ እጅ ተዛወረች፣ በመጨረሻ ደርግ ወደቀና ሠራዊቱ ተበተነ። የተቀደደ የወታደር ልብስ የለበሱ ሰዎች እየለመኑ፣ እያነከሱ በገሳይ በኩል አለፉ። እናቴ መንገድ ወርዳ እንጀራ ትሰጣቸው ነበር። ውሻው አብሯት ይወርዳል፤ እያንዳንዱን ወታደር ያሸትና ተመልሶ እግሯ ሥር ይተኛል። ከዚያ የሚያልፈውም አለቀ።

ውሻው በተከታዩ በጋ በእርጅና ሞተ። ጠዋት ቢጠሩት አልተነሣም። የዚያን ሰሞን ቤት ነበርኩ፤ አጎቴ አላስነካም ብሎ ከማሳው እርከን ሥር ራሱ ቆፍሮ ቀበረው። እናቴ አላለቀሰችም። እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን ቀየረች።

"እንግዲህ ቄሱን ጥሪልኝ" አለችኝ።

"ለምን?" አልኳት፤ እያወቅኩ።

"አደራው አለቀ። ቢመጣም የሚጠይቀኝ የለም። አይመጣም።"

የድሮው የነፍስ አባቷ አርፈው ስለነበር የመጡት አዲስ፣ ወጣት ቄስ ናቸው። ወይፈን አልነበረንም፤ ጎረቤት ንፍሮውን ይዞ መጣ፣ ይበቃል። ቄሱ ፍትሐቱን ከመጀመራቸው በፊት "የክርስትና ስሙ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። እናቴ አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ንገሪያቸው።"

ነገርኳቸው። ከዚያ ቄሱ ሳይጠይቁኝ የቤት ስሙን ጠራሁት፤ ልጆች ሳለን ከማሳ ማዶ ለእራት በምጠራው ድምፅ። ያ መኪና ከታጠፈ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አፌ ላይ አውጥቼው የማላውቅ ስም ነው። ጠርቼ ዝም አልኩ። ሰዉም ያየኝ ጀመር፤ ለካ "አቤት" እስኪለኝ እየጠበቅኩ ነው። ያን ጊዜ አለቀስኩ።